የአውቶ ክበባችን ዓመት፦ «ጋዝ ላይ ጉልበት የላትም»

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንዲት መኪና ላይ ነው ያለቀው ብል አላጋነንኩም። በቤንዚንም በተፈጥሮ ጋዝም የምትሰራ አሮጌ መኪና ናት፣ የአንድ ተማሪያችን አባት ናቸው «ቤንዚን ላይ ደህና ናት፣ ጋዝ ላይ ግን ዳገት ስትወጣ ትሞትብኛለች፣ ስረግጣት ደሞ ትንገጫገጫለች» ብለው የሰጡን።

ልጆቹ ወዲያው ሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ዕቃ) ይፈታ አሉ። ቆይ እንጂ! የጋዙ ሲሊንደር ሲሞላ ግፊቱ 200 ባር ነው፣ የመኪና ጎማ 2 ባር ምናምን መሆኑን አስቡት፣ ስለዚህ የከፍተኛ ግፊቱን መስመር ከባለሙያ በቀር ማንም አይነካም ብለን በመጀመሪያው ቀን ሕግ አወጣን። የኛ ድርሻ መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ እየቀቡ አረፋ መፈለግ ነበር፣ አረፋም አልተገኘም።

በነገራችን ላይ ጋዝ ላይ ትንሽ ጉልበት መቀነስ ብልሽት አይደለም። ቤንዚን በጠብታ ስለሚገባ ብዙ ቦታ አይይዝም፣ ጋዝ ግን የአየሩን ቦታ ይሻማል፣ በዚህ ብቻ 10 ፐርሰንት አካባቢ ይሄዳል። የኛዋ ግን ከዛም ብሳ ከሁለተኛ ማርሽ አልወጣ ብላ ነበር።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ሰሌዳ ላይ «ቤንዚን ላይ ደህና ከሆነች ችግሩ የጋዝ ሲስተሙ ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ እነሱም ገለበጡ፣ ሦስት ሳምንት በዚህ ሄደ። ባለሙያው ቫልቩን ዘግቶ መስመሩን ባዶ ካደረገልን በኋላ የጋዝ ፊልትሮውን ቀየርን፣ ሲወጣ ጥቁር ዘይት ተንጠባጠበ፣ ከመሙያው ኮምፕረሰር ከጋዙ ጋር የሚመጣ ዘይት ነው፣ ሲቆይ ጋዙን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ያጣብቃቸዋል። ትንሽ ተሻላት፣ ዳገቱ ላይ ግን ያው ናት።

ያወጣችን የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት። ማንም ሳያዛት ካንዴላዎቹን (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) አውጥታ ብልጭታው የሚዘልበትን ክፍተት ለካች፣ 1.2 ሚሊ ሜትር ደርሷል፣ ማኑዋሉ የሚለው 0.8 ነው። «ቲቸር፣ ቤንዚን ላይ ደህና ናት ማለት ካንዴላው ደህና ነው ማለት ነው እንዴ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ማታ ሳነብ ነው የገባኝ፣ ሜቴን፣ ማለትም የተፈጥሮ ጋዙ ዋና ክፍል፣ ከቤንዚን ይልቅ ለመቀጣጠል ያስቸግራል፣ ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ክፍተቱ ሰፍቶ የደከመ ካንዴላ ቤንዚን ላይ ተደብቆ ይኖርና ጋዝ ላይ ይጋለጣል፣ በተለይ ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት። በማግስቱ ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጡትን ቦቢናዎች ስናይ የሦስተኛው ቦቢና የጎማ ሽፋን ላይ ከውስጥ በኩል እንደ ጸጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር አለ፣ ብልጭታው ካንዴላው ጋ ሳይደርስ በዛ በኩል ወደ ብረቱ እየሸሸ ነበር። አራቱም ካንዴላና ያ ቦቢና ሲቀየሩ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣችው፣ ልጆቹ ከኋላ ሆነው ሲጮሁ ጆሮዬን ሊያደነቁሩኝ። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትንም ያቺው ልጅ አጠፋችው፣ ፈቅጄላት ነው።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ደሞ ሌላ ጉድ፣ ከተነሳች 20 ደቂቃ ሲሞላት መድከም ጀመረች። ኮፈኑን ስንከፍት ሬጉሌተሩ ነጭ አመዳይ ለብሷል! ጋዝ ግፊቱ በአንዴ ሲቀንስ ይቀዘቅዛል፣ ለዛ ነው የሞተሩ ሙቅ ውሃ በሬጉሌተሩ ውስጥ የሚዞረው። አንዱ ልጅ ቱቦዎቹን በእጁ ዳሰሰ፣ ወደ ሬጉሌተሩ የሚገባው ለብ ያለ፣ የሚወጣው በረዶ። ውሃው ጎድሎ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቶ ነበር፣ ሞተሩ ከበረደ በኋላ ሞልተን አየሩን አስወጣን፣ አለቀ። ከዚህ ሁሉ መፈታታት ይልቅ ይሄን ቀን ነው የወደድኩት፣ አንድም ብሎን አልተፈታም።

ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ስትሰራ ያለው የሞተር ዙር) ግን አሁንም አልተስተካከለም፣ መብራት ላይ ስትቆም ጋዝ ላይ ከሆነች አንዳንዴ ትጠፋለች። የጋዙን ኮምፒውተር በኬብል ገብቶ እንደገና ማስተካከል ሳይፈልግ አይቀርም፣ ኬብሉ የለንም። መኪናዋን ስንመልስ ለአባትየው ይሄንኑ ነግረናቸዋል፣ «እሱን እኔ ቻልኩት፣ ዳገቱ ነበር የጨረሰኝ» አሉን።