ሳጥኑን ሳትከፍቺ አትመልሺ

ልጄ፣

አስተማሪሽ ትናንት ማታ ደውላልኝ ነበር። ስለ «የአንገት ሐብሉ» ጽፈሽ ያገኘሽው ከ20 ሰባት ነው አለችኝ። ያናደደኝ ውጤቱ አይደለም። «ማጠቃለያውን እንጂ ታሪኩን ያነበበችው አይመስለኝም» ስትለኝ ምን ልበላት? አክስትሽም ስልኩ ከእጅሽ አይወርድም ትላለች። አሁን ሌላ ክፍል አስቀምጪውና ይህን አንብቢ።

ማጠቃለያ አይተሽ «አንብቤዋለሁ» አትበይ። ፈረንሳዊው ደራሲ ጊ ደ ሞፓሳን እ.ኤ.አ. በ1884 ለጋዜጣ የጻፈው ጥቂት ገጽ እኮ ነው! በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ማጠቃለያው የሚልሽ፦ ማቲልድ ሐብል ተውሳ ጣለች፣ በ36,000 ፍራንክ ሌላ ተካች፣ እዳውን ስትከፍል 10 ዓመት አለቀ፣ የጠፋው ለካ ቢበዛ 500 ፍራንክ የሚያወጣ አርቴፊሻል ነበር። አንቺም ይህንኑ ገልብጠሽ «ስግብግብነት መጥፎ ነው» ብለሽ ዘጋሽው። ጎበዝ!

በይ ከመጀመሪያው ጀምሪ። አስምሪ፤ በእርሳስ ግን፣ መጽሐፉ የአክስትሽ ነው። የማቲልድ ጓደኛ ማዳም ፎሬስቲዬ ሐብሉን ስታውሳት ትንሽ እንኳ አታቅማማም። እውነተኛ አልማዝ እንዲህ በቀላሉ ይሰጣል? ከጠፋ በኋላ ባልና ሚስቱ ሳጥኑ ውስጥ ስሙ ወደተጻፈው ጌጥ ሻጭ ይሄዳሉ። ሰውየው መዝገቡን አገላብጦ፣ «ሐብሉን እኔ አልሸጥኩም፤ ሳጥኑን ብቻ ነው» ይላቸዋል። እዚህ ሁለት ጊዜ አስምሪ። ሳጥኑ ሌላ፣ ሐብሉ ሌላ! ማንም ልብ አይለውም፤ እኔም ሦስተኛ ሳነበው ነው ያየሁት።

ቃሉንም ተመልከቺ። ማቲልድ ጥቁር የሳቲን ሳጥን ውስጥ ስታገኘው ተራኪው «አልማዝ» ይለዋል። ዋሸ? አልዋሸም፤ በእሷ ዓይን ነው የሚያየው። አንቺም በእሷ ዓይን አይተሽ ተሸወድሽ። በእኛ ቅኔ ከሰሙ ሥር ወርቅ ይፈለጋል፤ እዚህ ወርቅ ያልሽው ራሱ ሰም ሆኖ ያርፈዋል። ይህን ማጠቃለያ አይነግርሽም፣ አልኩሽ።

እኔን የሚያመኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። ባሏ «መቆለፊያው ተሰብሮ እያሠራሁት ነው ብለሽ ጻፊላት፤ ፋታ እናገኛለን» ይላታል። እሷም ትጽፋለች።

እኔም እንዲህ አድርጌያለሁ። በአንቺ ዕድሜ ይህን ታሪክ ያነበብኩት ከጓደኛዬ በተዋስኩት መጽሐፍ ነበር። «በሠርግሽ ፎቶ ላይ ለምን የለችም?» እያልሽ የምትጠይቂኝ፣ እሷ። መጽሐፉን ጣልኩት። «እያነበብኩት ነው» እያልኩ ሁለት ወር አቆየኋት። ከዚያ ያንኑ መጽሐፍ፣ አዲሱን፣ ገዝቼ ሰጠኋት። ማዳም ፎሬስቲዬ የተመለሰላትን ሳጥን አልከፈተችውም። ጓደኛዬ ግን ከፈተች። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ ቆየች። ባዶ ነበር። የጠፋው ላይ ሟች አባቷ በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፉላት ሦስት መስመር ነበረ፤ ይህን የሰማሁት በኋላ ከእህቷ ነው። እኔ ያንን ገጽ አይቼው አላውቅም። በቀጥታ ወደ ታሪኩ ነበር የዘለልኩት። «አመሰግናለሁ» ብላኝ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ አስተማሪሽ እስከ ዓርብ ደግማ ትጻፈው ብላለች። ማቲልድ ሐብሉ የት እንደወደቀባት ታሪኩ አይናገርም፤ ከግብዣው በሌሊት እንዴት እየሮጠች እንደወጣችና ለምን እንዳፈረች አንብቢና ግምትሽን ለእኔም ጻፊልኝ። መነጽርሽን አድርጊ፤ ዓይንሽን አታጨናብሺ። ማጠቃለያ እንዳትከፍቺ!

መጽሐፉንም ስትጨርሺ ለአክስትሽ መልሺ። እሱን ራሱን።

እናትሽ