አባዬ፣ ሞተሩ አይደለም

አባዬ፣ እንደምን አለህልኝ?

ስለ ጆሮህ በስልክ ልነግርህ ነበር። ግን ስልክ ላይ «እሺ፣ እሺ» እያልክ ታልፈኛለህ፤ አሁን ሳስበው ግማሹን ስለማትሰማኝ ነው። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

ለፋሲካ ባሕር ዳር ስመጣ አይቼሃለሁ። ሰው ሲሰበሰብ ግድግዳውን በግራህ አድርገህ ትቀመጣለህ። እማዬ በግራ በኩል ስታናግርህ ዝም ትላለህ፣ እሷም የተቆጣህ ይመስላታል። የዘጌን ጀልባ ትነዳ በነበረ ጊዜ፣ ገና ሳትታይ በሞተሯ ድምፅ ብቻ የማን ጀልባ እንደሆነች ትነግረኝ የነበርክ ሰው፣ ከኋላህ ጥሩምባ የነፋ ባጃጅ አልሰማህም። ያኔ ነው ልቤ የደነገጠው።

«ሞተሩ ነው ያደነቆረኝ፣ አርጅቻለሁም» አልከኝ። ሞተሩም ድርሻ ይኖረው ይሆናል። ግን አባዬ፣ ሞተርና እርጅና ብዙውን ጊዜ አንድ ጆሮ ብቻ አይመርጡም። የደከመው ግራህ ነው፤ ከጆሮህ ሥር የነበረው ዕጢ ወጥቶልህ 30 ቀን የጨረር ሕክምና የወሰድክበት ጎን። ጨረር ጆሮን ከጉሮሮ የሚያገናኘውን ቀጭን ቱቦ ሊጎዳው ይችላል፤ ያኔ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀምና ጆሮ ይደፈናል። የጆሮ ቀዳዳ ቆዳም ይደርቃል፣ ኩኩ ይጠጥራል። የውስጠኛው ጆሮ ከተጎዳ ደግሞ መስማት የሚቀንሰው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ነው። «ጢስ ዓባይ ጆሮዬ ውስጥ ገባ» ያልከኝ ጩኸትም ከዚሁ ሊሆን ይችላል። ዕጢው እንዳልተመለሰም መታየት አለበት፤ ይህን አልደብቅህም።

እባክህ ያንን የክብሪት እንጨት ተወው። ዘይትም አታንጠብጥ። ጨረር ያገኘው ቆዳ ስስ ነው፣ ከተቧጨረ ቶሎ አይድንም፣ ጉዳቱ እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። ጠበል አትሂድ አልልህም፣ እሱን እንዴት እልሃለሁ። ብቻ ከመጠመቅህ በፊት ጥጥ ቫዝሊን ቀብተህ ጆሮህ በር ላይ አድርግ፣ ውኃ እንዳይገባ። የሚሸት ፈሳሽ ካወጣ፣ ከደማ፣ ወይም ፊትህ ከተጣመመ ግን እኔን አትጠብቅ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂድ።

ፈቃድ ወስጃለሁ። ሐሙስ እገባለሁ፣ አርብ ጠዋት የአንገት በላይ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን። የመስማት ምርመራም ታደርጋለህ። የጨረሩን ወረቀቶች አዘጋጅልኝ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው ሻንጣ ውስጥ ናቸው። ፈሳሽ ከሆነ ሐኪሙ መላ አለው። የውስጥ ጆሮ ከሆነም የመስሚያ መሣሪያ አለ፣ ስለ ብሩ አታስብ።

እስከዚያው እማዬን በቀኝህ በኩል አስቀምጣት። አልተቆጣሁሽም በላት።