የቴክኖሎጂ ፕሮጀክት በክፍል ውስጥ፣ በተማሪው እጅ ይሠራ፦ ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ትምህርት ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለሚሰጡ የቴክኖሎጂ ፕሮጀክቶች የአሠራር መመሪያ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በምሥራቅ ጎጃም የመካከለኛ ደረጃ መምህር እንደመሆኔ ነው። በክልላችን በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መቆየታቸውን፣ የቢሮው ቀዳሚ ጭንቀትም ልጆችን ወደ ትምህርት ገበታ መመለስ መሆኑን እረዳለሁ። ነገር ግን የተመለሰ ልጅ ተመልሶ እንዳይቀር የሚያደርገው በክፍል ውስጥ የሚያገኘው ትምህርት በመሆኑ፣ ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ ይቆይ የሚባል አይደለም ብዬ አምናለሁ።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን እንዲሁም የሙያና ቴክኒክ ትምህርትን ማካተቱ ትክክለኛ እርምጃ ነው። የሚያሳዝነኝ ፕሮጀክት እየተባለ የሚሰጠው ሥራ ነው። መምህሩ መሣሪያ ስለሌለው፣ ክፍሉም ስለሚጨናነቅ፣ ተማሪዎቹን «ቤታችሁ ሠርታችሁ አምጡ» ብሎ ያሰናብታል። አቅም ያለው ወላጅ ለሌላ ሰው ከፍሎ ከካርቶን የተሠራ ቴሌቪዥን ያስመጣል፤ አለዚያም ልጁ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ከኢንተርኔት የወጣ ጽሑፍ አስጠርዞ ያስረክባል። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ተመላልሶ የሚማረው ልጅ ደግሞ ባዶ እጁን ይመጣና ዝቅተኛ ውጤት ይሰጠዋል። በዚህ አሠራር የተመዘነው የወላጅ ኪስ ሆኖ ሳለ፣ ውጤቱ ግን ተከታታይ ምዘና ተብሎ በተማሪው ስም ይመዘገባል።

ስለዚህ የምጠይቀው ፕሮጀክቱ በክፍለ ጊዜው፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በአካባቢው ከሚገኝ ቁሳቁስ፣ በተማሪው በራሱ እጅ እንዲሠራ ነው። ይህ የሚቻል መሆኑን ለማሳየት አንድ ሥራ ዘርዘር አድርጌ ላቅርብ።

ዝናብ መለኪያ ለመሥራት የሚያስፈልገው አንድ ባዶ ሃይላንድ፣ መቀስና ማስመሪያ ብቻ ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ጠርሙስ ተመርጦ አንገቱ ከሰፊው ቦታ ላይ ይቆረጥና ተገልብጦ እንደ ማጥለያ አፉ ላይ ይቀመጣል። የጠርሙሱ ቂጥ ወጣ ገባ ስለሆነ፣ ቀጥ ያለው ክፍል እስከሚጀምርበት ድረስ ውኃ ይሞላበትና ዜሮው ከዚያ ላይ ይሰመራል። ልጆቹ ይህን ሳያስተካክሉ ሲለኩ የአንዱ ቡድን ንባብ ከሌላው አይገጥምም፤ ለምን እንዳልገጠመ ሲከራከሩ የሚማሩት ነገር ደግሞ እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ከማስተምረው ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ይከተላል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። 8 ሜትር በ7 ሜትር በሆነ የክፍል ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,120 ሊትር፣ ማለትም በባለ 20 ሊትሩ 56 ጀሪካን ውኃ ይሆናል። ሴት ተማሪዎች ለመጸዳጃ ቤት ውኃ ከምንጭ በሚቀዱበት ትምህርት ቤት ይህ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው። ከባዱ ዝናብ የሚወርደው ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ፣ መለኪያውን ልጆቹ ወደየቤታቸው ወስደው በየጠዋቱ እየመዘገቡ መስከረም ላይ ይዘውት ይመለሳሉ። በጮቄ ተራራ ግርጌ፣ በደብረ ማርቆስና በደጀን በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ ያሉ ትምህርት ቤቶች መዝገባቸውን ቢለዋወጡ ደግሞ፣ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍለ ጊዜ ኤክሴል ላይ የሚሞላው ሰንጠረዥ ከመጽሐፍ የተቀዳ ምሳሌ መሆኑ ይቀርና የራሳቸው ሥራ ይሆናል።

ሌላው የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ጎጃም የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ከተተከለበት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ውኃ መብራት ሲሆን ያየ አገር ነው፤ የዛሬ ልጆችም ስለ ሕዳሴው ግድብና ስለ 13 ተርባይኖቹ ሲሰሙ አድገዋል። ይሁን እንጂ ስምንተኛ ክፍልን ከሚጨርሱት ውስጥ አንዲት ሞተር አሽከርክሮ አምፖል ያበራው ስንቱ ነው? ከተበላሸ ቴፕ የወጣች ትንሽ ሞተር፣ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ክንፍና አንድ ቀይ ኤልኢዲ (በትንሽ ኃይል የሚበራ ትንሽ አምፖል) ይበቃሉ። ቀዩ ከነጩ ባነሰ ቮልቴጅ ስለሚበራ ለጀማሪ የሚመረጠው እሱ ነው። እንቢ ሲል ሽቦውን አገላብጦ መሞከር፣ ካልሆነም ክንፉን አስተካክሎ ፍጥነቱን መጨመር ነው። በየከተማችን ያሉ የሬዲዮና የሞባይል ጥገና ቤቶች የማይሠሩ ዕቃዎችን በየጥጉ አከማችተዋል፤ ትምህርት ቤቱ በደብዳቤ ቢጠይቃቸው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም ያካፍላሉ ብዬ እገምታለሁ።

ኮምፒውተርን በተመለከተ፣ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ባለበት ቦታም ቢሆን በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው፣ ልጆች የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት የሚማሩበት ስክራች አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የአማርኛ ገጽም አለው። ምንም በሌለበት ደግሞ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ነጥብ የተሣለባቸውን አምስት የካርቶን ካርዶች እያገላበጡ ከ0 እስከ 31 መቁጠር ኮምፒውተር ቁጥርን እንዴት እንደሚይዝ በቅጡ ያስረዳል።

ከቢሮው የምንጠብቀው ብዙ አይደለም። በመጀመሪያ፣ በገንዘብ የተገዛ ወይም በሌላ ሰው የተሠራ ሥራ ነጥብ እንዳያሰጥ፣ ነጥቡም ባማረው ዕቃ ፋንታ ተማሪው ቀን በቀን ለያዘው የሥራ ደብተር እንዲሰጥ የሚያዝ መመሪያ ይውጣ፤ ሞክሮ ያልተሳካለት ነገር ግን ያልተሳካበትን ምክንያት በደብተሩ ያስረዳ ልጅ ሙሉ ነጥብ የሚያገኝበት መንገድም በግልጽ ይቀመጥ። ከዚህ ቀጥሎ በየጉድኝት ማዕከሉ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መቁረጫ፣ ቴስተርና ሽቦ የያዘ አንድ የመሣሪያ ሳጥን ተዘጋጅቶ በአባል ትምህርት ቤቶች መካከል በተራ እንዲዘዋወር ይደረግ። ለሽቦና ለባትሪ ድንጋይ የሚሆነውን ጥቂት ገንዘብ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ (ወተመሁ) ተወያይቶ ከትምህርት ቤት ድጎማው እንዲያወጣ ይፈቀድ። የክረምት የመምህራን ሥልጠና ሲዘጋጅም ከባሕር ዳርና ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመነጋገር፣ መምህሩ በስላይድ ከመማር አልፎ ራሱ በእጁ ሠርቶ፣ ያበላሸውንም አስተካክሎ የሚወጣበት ቀን ይመደብለት።

የሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት ቢሮው በጉዳዩ ላይ መምህራንን ሰብስቦ ቢያነጋግር፣ በክፍል ውስጥ የሞከርናቸውን ሥራዎች ከነደብተሮቻቸው ይዘን ለመቅረብ ዝግጁዎች ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከምሥራቅ ጎጃም፣ አንድ የመካከለኛ ደረጃ መምህር