ከሞቱ በኋላ ትመጣላችሁ፤ ከሞቱ በፊትስ?

ለስዊዘርላንድ ፌዴራል የፍትሕና የፖሊስ መምሪያ
በርን

ክቡራን፣

በአገራችሁ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተንከባካቢ ነኝ። ለሦስት ዓመት ያጠብኋቸውና ያጎረስኋቸው አንዲት አዛውንት በአንድ ድርጅት እገዛ ሕይወታቸውን ባበቁበት ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። እንደ ደንቡ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአክብሮት ጠየቁን፦ የገፋፋቸው ሰው ነበር? ጥያቄው ትክክል ነበር። መልሱን የሚያውቁት ግን አልጋው ላይ ነበሩ፣ አይናገሩም።

የወንጀል ሕጋችሁ አንቀጽ 115 ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸና ነው። በራስ ወዳድነት ተነሳስቶ ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋ ወይም የረዳ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል፤ ከዚያ ውጪ ያለው እርዳታ አያስቀጣም። ሕጉ ሲረቀቅ የታሰበው ወዳጅ ለወዳጁ የሚያደርገው እንጂ አባል መዝግቦ፣ መዋጮ ሰብስቦ የሚሠራ ማኅበር አልነበረም። ሰው ሕይወቱን እንዲያበቃ የሚረዳው ማኅበር ኤግዚት የተመሠረተው በ1982፣ ከውጭ አገር የሚመጡትንም የሚቀበለው ዲግኒታስ በ1998 ነው። ማኅበር ራስ ወዳድ የሚባለው መቼ ነው? የዲግኒታስ መሥራች ሉድቪግ ሚኔሊ ከመጠን በላይ አስከፍለዋል ተብለው ኡስተር ፍርድ ቤት ቀርበው በ2018 በነፃ ተሰናበቱ። ፍርዱን አልነቅፍም። የሚያሳዝነኝ፣ ተገቢው ክፍያ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ የተነሣው ሰዎቹ ከሞቱ ከዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

መንግሥታችሁ፣ ማለትም የፌዴራል ምክር ቤቱ፣ በ2009 ማኅበራቱን በጥብቅ ግዴታ ማሰር ወይም ጨርሶ መከልከል የሚሉ ሁለት ሐሳቦችን ለውይይት አቅርቦ፣ በ2011 ሁለቱንም ተወ። በምትኩ የማስታገሻ ሕክምናን ማስፋፋትና ራስን ማጥፋትን መከላከል መረጠ። ዝርዝር ሕግ ማውጣት ለማኅበራቱ የመንግሥት ማኅተም መስጠት ይሆናል የሚለው ሥጋት ይገባኛል። ግን ፖሊስ መጥቶ መዝገቡን ሲዘጋ ማኅተሙ ያኔውኑ አርፏል።

ይከልከል አልልም። ሌሊቱን ሙሉ አየር አጥሮት የሚያቃስት ሰው አጠገብ ተቀምጫለሁ። ምርጫው በእጃቸው መሆኑን ማወቁ ብቻ አረጋግቷቸው፣ ሳይጠቀሙበት የሞቱም አሉ። የምለምናችሁ ሌላ ነው። ማኅበራቱ ሒሳባቸውን በገለልተኛ ኦዲተር አስመርምረው በየዓመቱ ለሕዝብ ያውጡ። ከቀኑ አስቀድሞም ከማኅበሩ የማይከፈለው፣ ወራሽም ያልሆነ አንድ ሰው ታማሚውን ለብቻው ያነጋግር። አልጋቸውን የምናነጥፈውን ሰዎችም ይጠይቅ።

እኚያ አዛውንት ማታ ማታ ፀጉራቸውን ሳበጥርላቸው «ልጆቼን አስቸገርኳቸው» ይሉኝ ነበር። ወረቀታቸው ላይ የሰፈረው የሳንባ ሕመማቸው ብቻ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደ ከበዳቸው አላውቅም። ከዚያ ቀን በፊት ማንም አልጠየቀኝም። ፖሊሱ ሲጠይቀኝ ነገርኩት፤ እሱም ጻፈው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ተንከባካቢ