ለአባባ፦ ስለ ባለጥምጣሙ ሽማግሌ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። የላኩልኝ ሽሮና በርበሬ በሰላም ደርሶኛል። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? መድኃኒቱን ምግብ ሳይቀምሱ እንዳይወስዱ፣ አደራ።

ባለፈው በስልክ "እነዚያ የምትውዪባቸው ባለጥምጣሞች እስላም ናቸው ወይስ ምንድን ናቸው?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መስመሩ ተቆራረጠና ሳልመልስልዎ ቀረሁ። ነገሩ ደግሞ በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ሌላም የምነግርዎ ነገር አለኝ። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው። ትንሿ ቀስ እያለች ታንብብልዎ።

ሲኮች ይባላሉ፣ አባባ። እስላምም ሂንዱም አይደሉም። የራሳቸው ሃይማኖት ነው። አገራቸው ፑንጃብ ነው፤ በ1947 እ.ኤ.አ. ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ለሁለት የተከፈለው ምድር (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቱ በፈረንጅ ነው)። የመጀመሪያው መምህራቸው ጉሩ ናናክ በ1469 ተወለዱ። ፈጣሪ አንድ ነው፣ ሰው በዘርና በትውልድ አይበላለጥም ብለው አስተማሩ። ከሳቸው በኋላ ዘጠኝ መምህራን ተከታትለው ተነሡ። አሥረኛው በ1708 ሲያርፉ "ከእንግዲህ መምህራችሁ መጽሐፉ ነው" ብለው አለፉ።

መጽሐፉን እንዴት እንደሚያከብሩት ቢያዩ! 1,430 ገጽ ነው። ማታ በራሱ ክፍል፣ በራሱ አልጋ ላይ ያሳርፉታል። ጎህ ሲቀድ አንዱ አናቱ ላይ ተሸክሞ ወደ ዙፋኑ ያመጣዋል። ሕዝቡ ጫማውን አውልቆ፣ ራሱን ሸፍኖ ይሰግዳል። ታቦት ሲወጣ እያየሁ ያደግኩ ስለሆነ እንግዳ አልሆነብኝም። የገረመኝ ውስጡ ያለው ነው። የመምህራኑ መዝሙር ብቻ አይደለም። ሼክ ፈሪድ የሚባሉ የሙስሊም መናኝና ካቢር የሚባል ሸማኔ የገጠሙትም አብሮ ተጽፏል። ሸማኔ፣ አባባ! በኛ አገር ሸማኔ ሲባል የኖረውን እርስዎ ያውቁታል።

የምንከባከባቸው ሽማግሌ ከሰማንያ አልፈዋል። ባባ ጂ እላቸዋለሁ፤ እንደ "አባባ" ማለት ነው። ቤታቸው እዚሁ ለንደን፣ ሳውዝሆል ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ነጭ ፀጉራቸውን በእንጨት ማበጠሪያ ቀስ ብለው ያበጥሩና አናታቸው ላይ ይቋጥሩታል። ከዚያ ጥምጣሙ ይመጣል። ሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ ከአምስት ሜትር ይበልጣል። ብቻ የሚታጠፍ አይደለም። እሳቸው አንዱን ጫፍ ይዘው ሳሎን ይቆማሉ፣ እኔ ሌላውን ይዤ ወጥ ቤቱ በር ላይ። ወጥረን በቁመቱ እናጥፈዋለን፤ ከእማማ ጋር ጋቢ እንደምናጥፈው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ በጨርቁ ላይ እየተጓዘ እኔ እጅ ላይ ይደርሳል። ይህን ጫፍ 50 ዓመት ሙሉ ትይዝላቸው የነበረችው ባለቤታቸው ናት። እሷ ካረፈች በኋላ በሩ እጀታ ላይ እያሰሩ ብቻቸውን ሲታገሉ ነበር። አሁን አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ዙር በዙር ይጠመጥሙታል። ሲጨርሱ የደብራችንን ቄስ ይመስሉኛል።

እሑድ እሑድ ወደ ቤተ መቅደሳቸው እወስዳቸዋለሁ። ጉርድዋራ ይባላል። ከላይ የወርቅ ጉልላት አለው። ከጸሎት በኋላ ማዕድ አለ፣ ላንጋር ይሉታል። ማንም ገብቶ ይበላል። ሃይማኖትህ ምንድን ነው፣ ከየት ነህ የሚል የለም። ዶክተሩም ጎዳና የሚያድረውም ምንጣፍ ላይ በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ። ስጋ የለበትም። ስለ ጾሜ እንዳያስቡ፣ በሁዳዴ "ቅቤ ሳይነካው" ስላቸው ደረቁን ቂጣና ምስሩን ለይተው ይሰጡኛል። ከዚያ እኔም ሰሃን አጥባለሁ። እዚያ ሰሃን ማጠብ ውርደት አይደለም፣ በረከት ነው።

ጥምጣሙ ከየት መጣ ቢሉኝ፣ ታሪኩ በደም ነው የተጻፈው። ዘጠነኛው መምህር ጉሩ ቴግ ባሃዱር በ1675 ዴልሂ ላይ አንገታቸውን ተቀሉ። የሞቱት ለራሳቸው ሰዎች ብቻ አልነበረም፤ በግድ ሃይማኖታችሁን ለውጡ ለተባሉ ሂንዱዎችም ነው። ልጃቸው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1699 ሕዝቡን ሰበሰቡና ሰይፍ መዘው "አንገቱን የሚሰጠኝ ማን ነው?" አሉ። አምስት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል የገባ ሲክ ፀጉሩን አይቆርጥም፤ ጥምጣሙም የዚያ ፀጉር መሸፈኛ ነው። ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ ትንሽ ሰይፍና ልዩ የውስጥ ሱሪም አይለየውም። ወንዱ ሲንግ፣ ሴቷ ካውር ተባሉ። የቀድሞው ስም ዘሩን ይናገር ነበርና በሱ ፈንታ ነው። ሲክ ከሩቅ ይታወቅ፣ በጭንቅ ቀን አይደበቅ ነው ነገሩ።

አያቴ ከእንግሊዝ ጋር በመተማ በኩል ስለመጡት ህንዶች ሲያወሩ ትዝ ይልዎታል? ከነዚያ አንዱ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የሚባል ከሲክ ቤተሰብ የተወለደ ወጣት መኮንን ነበር። ጥር 1933 ዓ.ም. ጣልያን የቀበረውን ፈንጂ ከፊት ሆኖ ያጸዳ ነበር። በአራት ቀን 15 የፈንጂ ቦታ አጸዳ። የነበረበት ተሽከርካሪ ሁለቴ ፈነዳ፣ የጆሮው ታምቡር ተበሳ፣ ሥራውን ግን አልተወም። የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ፣ የቪክቶሪያ መስቀልን ተሸልሟል። ይህን ለባባ ጂ ስነግራቸው እጄን ይዘው "እንግዲያማ ዘመድ ነን" አሉ።

አሁን ወደዚያ ወደ ሌላው ነገር ልምጣ።

ባባ ጂ እዚህ አገር የመጡት በ1960ዎቹ ነው። ሥራ ፍለጋ በሄዱበት ሁሉ ጥምጣሙን እያዩ "ቦታ የለም" ይሏቸዋል። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ፀጉር ቤት ገቡ። ሰኞ ሥራ አገኙ። ለአባታቸው አልጻፉም። ፎቶ ላክ ሲባሉ ከመምጣታቸው በፊት የተነሱትን ላኩ። በዚያው ዘመን ዎልቨርሃምፕተን በሚባል ከተማ ታርሰም ሲንግ ሳንዱ የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር ጥምጣምና ጢም ይዞ ሥራ ቢገባ ከሥራ ታገደ። ሲኮቹ በሺዎች ሰልፍ ወጡ። ሁለት ዓመት ተከራክረው በ1969 ክልከላው ተነሣ። ባባ ጂ ዜናውን በሬዲዮ የሰሙ ቀን መላጨት አቆሙ። ግን ፀጉራቸው ሳያድግ አባታቸው ፑንጃብ ውስጥ ሞቱ።

በ1984 ዴልሂ ውስጥ ሲኮች ሲጨፈጨፉ ነፍሳቸውን ለማትረፍ ፀጉራቸውን የቆረጡ ነበሩ። ባባ ጂ አንዳቸውንም አይወቅሱም። "መቀስ የያዘ እጅ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ" ይላሉ።

አባባ፣ እኔም አውቃለሁ። ማተቤን በጥሻለሁ።

አራት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ቦታ ኃላፊዋ "አንገትሽ ላይ ያለው ይነሳ፣ በሽተኛ ይይዘዋል" አለችኝ። ልለምናት እችል ነበር። ልብሴ ላይ በመርፌ ቁልፍ ላያይዘው እችል ነበር። አፌን ሳልከፍት ሽንት ቤት ገብቼ በመቀስ ቆረጥኩት። እርስዎ በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ስነሳ የታሰረልኝን አደራ ብለው የሰጡኝ ነበር። በቪዲዮ ስንደዋወል ስካርፍ የማላወልቀው ለብርዱ አይደለም። "በማተብሽ" ብለው ሲያስምሉኝ ወሬ የምቀይረውም ለዚሁ ነው።

ባባ ጂ ናቸው ያወቁብኝ። ጨርቁን አጥፈን ስንጨርስ "እጅሽ ሁልጊዜ አንገትሽን የሚፈልገው ምን ጠፍቶበት ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ብዙ ዝም አሉና "አባትሽ በሕይወት አሉ?" ብለው ጠየቁ። አሉ አልኳቸው። "ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ።

ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። የቆረጥኩት ክር ከነመስቀሉ በመሐረብ ተጠቅልሎ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ጥር ላይ የጎረቤታችን ልጅ ወደዚህ ይመጣል ብለውኛል። ጥቁር ክር ገዝተው በእጅዎ ፈትለው በሱ ይላኩልኝ። እዚህ ያለው የንስሐ አባቴ ያስርልኛል፣ ተናግሬዋለሁ። ብቻ ክሩ አጠር ይበል። ከሹራብ ሥር እንዲገባ አልፈልግም።

ጉልበትዎን እየሳምኩ፣
ልጅዎ