ሦስት ቀን ለጡንቻ አይበቃም

ይድረስ ለስፖርት ዓምድ አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት አንድ ጸሐፊ በዓምዳችሁ ላይ፣ የፕሪምየር ሊጉ ክለቦች በአንድ ከተማ ሰፍረው ስለሚወዳደሩ የመንገድ ድካም የለባቸውም፣ በ3 ቀን ልዩነት ቢጫወቱም ችግር የለውም ብለዋል። ለ19 ዓመታት በክለብ ወጌሻነት ስለሠራሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የመንገዱ ነገር እውነት ነው። በ2013 ዓ.ም. ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ሲጀምር ከረጅሙ የአውቶቡስ ጉዞ አርፈናል። ነገር ግን ተጫዋቹን የሚጎዳው 90 ደቂቃው ራሱ ነው። በፍጥነት ሮጦ ድንገት መቆምና መዞር የጡንቻን ክሮች ይጎዳል፤ በጡንቻው ውስጥ ያለቀው ስንቅ ተመልሶ እስኪሞላም ከ2 እስከ 3 ቀን ይወስዳል።

አንድ ጊዜ ድሬዳዋ ላይ የመስመር ተከላካያችንን በጨዋታው ዕለት ጠዋት ሳሸው፣ የግራ ታፋው ጀርባ እንደ ተወጠረ ገመድ ጠጥሮ አገኘሁት። ከተጫወተ ገና 3 ቀኑ ነበር። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ትንፋሹን ዋጠ። «አመመህ?» አልኩት። «ኧረ ጋሼ፣ ምንም የለም» አለኝ። ውሉ የሚያበቃው በሰኔ ስለነበር ለምን እንደደበቀኝ ገብቶኛል። ለአሰልጣኙ ብነግረውም «ግማሹን ሰዓት ልየው» አለና አሰለፈው።

ልጁ እንደ ወትሮው መስመሩን ሲመላለስበት ነበር፤ ደከመ ያለ ሰው አልነበረም። በ71ኛው ደቂቃ ማንም ሳይነካው እጁን ወደ ታፋው ልኮ ወደቀ። ሮጬ ደርሼ ስዳስሰው ከቆዳው ሥር ጎድጎድ ያለ ቦታ አገኘሁ። ሦስት ወር ከሜዳ ራቀ፤ ክለቡም ውሉን አላደሰለትም።

እንዴት ደህና መሰለን? የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪው ግሪጎሪ ዱፖንና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት መልስ ሰጥቶኛል። በአንድ ትልቅ ክለብ ተጫዋቾች ላይ ባደረጉት ክትትል፣ በሳምንት 2 ጊዜ ሲጫወቱ የሚሮጡት ርቀት አልቀነሰም። ጉዳቱ ግን በ1,000 የልምምድና የጨዋታ ሰዓት በሳምንት 1 ጊዜ ሲጫወቱ ከነበረው 4.1 ወደ 25.6 አሻቅቧል። በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ከ72 እስከ 96 ሰዓት አርፈውም ነው እንግዲህ። አሰልጣኙ ከመስመር ዳር ቆሞ የሚያየው ሩጫውን ብቻ ስለሆነ፣ ዓይኑን አምኖ ሊፈርድ አይችልም። ያ ሁሉ ሐኪምና መሣሪያ ባላቸው የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች እንኳ፣ በ2001/02 እ.ኤ.አ. ከጠቅላላው ጉዳት 12 በመቶ የነበረው የኋላ ታፋ ጡንቻ ጉዳት በ2021/22 እ.ኤ.አ. 24 በመቶ ደርሷል።

ምግብም የዕረፍት አካል ነው። የምሽት ጨዋታ ጨርሰን ስንመለስ የሆቴሉ ወጥ ቤት ተዘግቶ፣ ልጆቹ ዳቦ በሻይ በልተው የተኙበት ሌሊት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሩዝ ወይም ፓስታ ተዘጋጅቶ ቢጠብቃቸው ኖሮ ለጾመኛውም ይሆን ነበር።

አወዳዳሪው አካል በጨዋታዎች መካከል ቢያንስ 5 ቀን እንዲሰጥ እለምናለሁ። ይህ በማይቻልበት ጊዜ አሰልጣኞች የተፈቀዱላቸውን 5 ቅያሪዎች ልጁ ከመውደቁ በፊት ይጠቀሙባቸው። ወጌሻም «ይህ ተጫዋች ይረፍ» ሲል ቃሉ በጽሑፍ ይስፈር፤ ያሰለፈው አሰልጣኝ ይፈርምበት። እኔ ያን ጠዋት የተናገርኩት የትም አልተጻፈም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የክለብ ወጌሻ፣ ከአዳማ