ሰባራውን ድልድይ ከነስብራቱ እናቆየው

የሞጣ፣ የአንዳቤትና የአካባቢው ተወላጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ጎጃምንና ቤጌምድርን ዓባይ ላይ የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ የተሠራው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ ነው። በድንጋይና በኖራ። ኖራው ውስጥ እንቁላል ገብቶበታል የሚሉም አሉ፤ እንቁላሉን ለነሱ ልተወው።

መሃሉን ጎርፍ አይደለም የሰበረው። በጣልያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት ራሳቸው አፈረሱት። ጣልያን ወጣ፣ ክፍተቱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ገበያተኛውም፣ ለቀስተኛውም፣ ሐኪም ፍለጋ የሚሄደውም በገመድ ታስሮ፣ ወዲህና ወዲያ ማዶ በቆሙ ጎረምሶች እየተጎተተ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ክፍተቱ በብረት ተጠገነ፤ ብዙ ሳይቆይ ያም ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ2009 በኬብል የተንጠለጠለ አዲስ ድልድይ ተሠራና እፎይ አልን።

አሮጌው ግን ሥራ ፈታ፣ ጠያቂም አጣ። እንዲህ ያለ ግንብ ጠላቱ ውሃና የዛፍ ሥር ነው። ሥሩ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ይወፍራል፣ ድንጋዩን ገፍቶ ያላቅቃል። በተላቀቀው በኩል ደግሞ የክረምት ዝናብ ገብቶ ኖራውን ያጥበዋል።

«ታዲያ ሲሚንቶ ገዝተን አንለስነውም?» የሚል አይጠፋም። ይቅርብን። ሲሚንቶ ከአሮጌ ኖራ ይልቅ ድርቅ ያለ ነው፤ ውስጥ የገባውን እርጥበት አፍኖ ይይዝና ድንጋዩን ያበላሸዋል። ኖራን የሚጠግነው ኖራ ነው። ኖራ ደግሞ ጊዜ፣ ብዙ ጉልበትና የሚያውቅ ግንበኛ ይፈልጋል። ገንዘቡ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ቁርጥ አድርጌ ልናገር። ክፍተቱን አንሞላም። ይሞላ የምትሉ ወገኖቻችን፣ ቅር አይበላችሁ፤ መሻገሪያ አለን። ያ ክፍተት የአርበኞቹ እጅ ሥራ ነው፣ ድንጋይ ከምንከምርበት እንዲሁ ይታይ።

መጀመሪያ ባለሙያ አምጥተን ግንቡን እናስጠናለን። የቅርስ ባለሥልጣን ሳይፈቅድ አንዲት ድንጋይ አናነሳም። ከተፈቀደ በኋላ ቁጥቋጦው ይነቀላል፣ ስንጥቁ በኖራ ይደፈናል። ይህ ሁሉ በበጋ ማለቅ አለበት፤ ክረምት ከገባ ወደ ሸለቆው መውረድም፣ ኖራ ማድረቅም ከባድ ነው።

ብር ያላችሁ ብር ስጡን፣ ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ። መኪና ያለው ኖራና አሸዋ ያጓጉዝልን። አህያ ያለውም አይቅር፣ ቁልቁለቱ ላይ የምትጠቅመን እሷ ናት። መሐንዲስ የሆናችሁ ልጆቻችን የጥቂት ቀን ሙያችሁን አውሱን። ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያላችሁ በማኅበራችሁ ሰብስባችሁ በአንድ ላይ ብትልኩ የመላኪያው ወጪ ይቀንሳል።

ገንዘቡ የሚወጣው ከሁለቱም ማዶ በተመረጡ ሰዎች የጋራ ፊርማ ነው። ለሰጣችሁት ሁሉ ደረሰኝ ጠይቁ። መስጠት የምትፈልጉ በየዕድራችሁ ጸሐፊ ዘንድ ተመዝገቡ፤ የባንክ ሒሳቡን ቁጥር ከእሱ ብቻ ውሰዱ፣ በስልክ ለሚደውልላችሁ ሰው እንዳትልኩ።